ተቃኝቶ የመጣ መሣሪያ፦ የወሎ ቅኝቶችና የጀማሪው ሲንተሳይዘር

ክራር ተጫዋች ዜማውን ከመጀመሩ በፊት የሚፈጽመው አንድ ሥራ አለ። ይኸውም አውታሮቹን አንድ በአንድ እየነካ፣ የላላውን እያጠበቀ፣ የጠበቀውን እያላላ፣ ለሚጫወተው ዜማ የሚስማማውን ቅኝት ማበጀት ነው። ለትዝታ የተቃኘ ክራር ለአንቺ ሆዬ አይሆንም፤ እንደገና መቃኘት አለበት። ይህ ሥራ ጆሮ ይጠይቃል፤ ጆሮውንም ተጫዋቹ የሚያገኘው ከአባቱ፣ ከጎረቤቱ ወይም ደጁ ላይ ሲያልፍ ከሰማው አዝማሪ ነው። ኦርጋን ወይም ሲንተሳይዘር ገዝቶ ሙዚቃ ሊጀምር የሚነሣ ወጣት ግን ይህ ሥራ አይጠብቀውም። መሣሪያው ከፋብሪካ የሚወጣው ተቃኝቶ ነው። ቅኝቱን የወሰነለት መሐንዲስ የሚኖረው በጃፓን ወይም በአሜሪካ ነው፤ አምባሰል የሚባል ተራራም ሆነ ዜማ መኖሩን ሰምቶ አያውቅ ይሆናል።

ስለዚህ «የመጀመሪያው ሲንተሳይዘር የትኛው ይሁን?» የሚለው ጥያቄ በሌላው ዓለም በአመዛኙ የገንዘብና የመለማመጃ ጉዳይ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ፣ ይልቁንም በወሎ ደጋ፣ ከዚያ የከበደ ነገር ይዟል። መሣሪያውን የመረጠ ሰው ሳያውቀው ጆሮውንም ይመርጣል።

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል፣ ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የምትገኝበት ቦረና በቀድሞው የወሎ ክፍለ ሀገር ከነበሩት አውራጃዎች አንዱ ሲሆን፣ ሳይንት፣ ወግዲ፣ ከላላና ለጋምቦ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ በምዕራብ በኩል አገሩ እየተቆረጠ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። በሳይንት የጥንታዊቱ ተድባበ ማርያም ዜማ ይሰማል፤ በዚያው ደጋ ላይ ደግሞ የወሎ መንዙማ በድቤ ምት ይዜማል። እረኛው ዋሽንት ይነፋል፤ በሠርግና በገበያ መሰንቆ አይጠፋም። ለሙዚቃ ጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ቤት ማግኘት ያስቸግራል፤ ችግሩ ትምህርት ቤቱ ከመካከሉ አንድ ባለ ቁልፍ መሣሪያ እንኳ የሌለበት መሆኑ ብቻ ነው።

የኢትዮጵያ ዓለማዊ ሙዚቃ አራቱ ዐበይት ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ መሆናቸው የታወቀ ነው። ሁለቱ በግልጽ የወሎን የቦታ ስም ይዘዋል፤ ባቲ ወደ አፋር መውረጃ ያለችው የገበያ ከተማ ስትሆን፣ አምባሰል ደግሞ ግሸን ማርያም የምትገኝበት አገር ነው። አራቱም ከወሎ ፈለቁ የሚለው አባባል ሲነገር የኖረ ነው። አባባሉን የታሪክ ማስረጃ አድርጎ መውሰድ ባይቻልም፣ የወሎ ሰው ግን ቅኝቱን እንደ ርስቱ እንደሚቆጥረው ያሳያል። ርስቱን የሚጠብቅ ሰውም መለኪያው በሌላ እጅ ሲገባ ማየቱ አይቀርም።

ነገሩን በቁልፎቹ ላይ ማየት ይጠቅማል። የፒያኖና የሲንተሳይዘር ቁልፎች በአንድ ስምንዮሽ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ሲሆኑ፣ በየመካከላቸው ያለው ርቀት ሁሉ እኩል ነው። የሙዚቃ ሊቃውንት ስምንዮሹን በ1200 ሴንት ይከፍሉታል፤ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ 100 ሴንት ይደርሳል ማለት ነው። ከእነዚህ ዐሥራ ሁለት ድምፆች ቅኝቶቻችን የሚጠቀሙት በአምስቱ ብቻ ነው። ምንም የማያውቅ ጀማሪ ነጮቹን ትቶ አምስቱን ጥቁር ቁልፎች ብቻ ቢነካ፣ ከሦስቱ ጥቁሮች የመጀመሪያውን መነሻ አድርጎ፣ ሙሉውን የትዝታ ቅኝት ያገኛል። ብዙ ሰው ኦርጋን በነካ በመጀመሪያው ቀን ዜማ የወጣለት የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

በነጮቹም እንዲሁ ነው። ከላ ተነሥቶ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ያለ ሰው ዐዘን የሚሰማበትን ሌላውን ትዝታ ይጫወታል። እነዚሁ አምስት ቁልፎች ከሚ ሲጀምሩ፣ ማለትም ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ሲባሉ፣ አምባሰል ይሆናሉ። ጣቶቹ የሚነኩት ቁልፍ አንድ ነው፤ የተለየው ዜማው ማረፊያ ያደረገው ቤት ነው። ባቲም ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ተብሎ ከነጮቹ አይወጣም። ከነጩ መንገድ የሚያፈነግጠው አንቺ ሆዬ ብቻ ነው፤ ከሲ ቢነሣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ካለ በኋላ ከሶል በላይ ያለውን ጥቁር ቁልፍ ይጠይቃል።

እስከዚህ ድረስ ፋብሪካው የበደለው የለም። ዳሩ ግን ክራር የሚቃኝ ሰው አውታሩን የሚያስቀምጠው በ100 ሴንት ደረጃ ላይ አይደለም። በመሰንቆ ላይ ጣት የሚያርፍበት ቦታ በእንጨት ወይም በብረት አልተከለለም፤ ጣቱ በጭራው ላይ ይንሸራተታል፤ ድምፁም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሳበ ይሄዳል። በአንቺ ሆዬና በአምባሰል ጠባብ ርቀቶች ላይ ይህ ልዩነት በግልጽ ይሰማል፤ ርቀቱም እንደየተጫዋቹ ይለያያል። በኦርጋን የተጫወቱት አንቺ ሆዬ ትክክል ሆኖ ሳለ የሆነ ነገር የጎደለው የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው። የጎደለው የተጫዋቹ ችሎታ ነው እየተባለ ጀማሪው ሲወቀስ ይሰማል። ወቀሳው ሁልጊዜ ፍትሓዊ አይደለም።

ቁልፍ ያለው መሣሪያ በኢትዮጵያ ሥር የሰደደው በቤተ መንግሥትና በጦር ሠራዊት በኩል ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ማርሽ ቡድን ከሆኑ ወዲህ፣ የዘመናዊው ሙዚቃ መሣሪያ የመንግሥት ንብረት ሆኖ ኖረ። ሳክስፎኑም፣ ፒያኖውም፣ አኮርዲዮኑም የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ወይም የቴአትር ቤት ነበር፤ በኋላም የሆቴልና የምሽት ክበብ ባለቤቶች ንብረት ሆነ። ሙዚቀኛው የሚጫወትበትን መሣሪያ የሚመርጠው አልነበረም፤ ይሰጠዋል። «የመጀመሪያዬን መሣሪያ ልምረጥ» ብሎ መጠየቅ ራሱ በአገራችን የሙዚቃ ታሪክ ዘግይቶ የመጣ መብት መሆኑን ከዚህ ላይ ማስታወስ ያሻል።

ከእነዚያ መሣሪያዎች መካከል ለሲንተሳይዘሩ መንገድ የጠረገው አኮርዲዮን ነው ማለት ይቻላል። ለዚህም ምክንያት አለው። ፒያኖ ሲመታ ይጮኻል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ እየሞተ ይሄዳል፤ ተጫዋቹ በሞቱ ላይ ሥልጣን የለውም። ክራርም እንዲሁ ነው። አኮርዲዮን ግን ወናፍ ስላለው ድምፁ ከተጀመረ በኋላ ሊያብጥ፣ ሊሰለስል፣ ሊቃትት ይችላል፤ በዚህም የመሰንቆና የዋሽንት ዘመድ ነው። የሀገር ቤት ዜማ ደግሞ፣ በተለይ የወሎው፣ ከተመታ ድምፅ ይልቅ በሚሳብ ድምፅ ላይ ይኖራል። አኮርዲዮን ቅኝቱ ከፋብሪካ የተዘጋ ሆኖ ሳለ በኢትዮጵያ ጆሮ ቶሎ የተወደደው ስለዚህ ይመስላል።

በ1938 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ብርሃን ተወልዶ በልጅነቱ አዲስ አበባ የገባው ኃይሉ መርጊያም የጀመረው በዚሁ በአኮርዲዮን ሲሆን፣ የተማረውም በራሱ ጥረት ነው። በኋላ ወደ ኦርጋን ተሸጋግሮ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ መሪና ኦርጋን ተጫዋች ሆነ። ባንዱ በ1969 ዓ.ም. «ቸ በለው» የተሰኘውን አልበም አወጣ። በዚያ ሥራ ውስጥ ኦርጋኑ ከሳክስፎኑና ከትራምፔቱ ጋር እኩል ዜማ ይመራል እንጂ ለሌላው መደገፊያ ብቻ ሆኖ አልተቀመጠም።

በዚያው ዘመን ከባሕር ማዶ ሌላ ነገር ይዘጋጅ ነበር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሮበርት ሙግ እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያውን ሲንተሳይዘሩን ሠርቶ አሳየ። ያ መሣሪያ እንደ ቁም ሣጥን የገዘፈ፣ በሽቦ የሚጠላለፍ፣ ለምርምር ክፍልና ለባለጸጋ እንጂ ለሙዚቀኛ የማይመች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሚኒሙግ ግን አንድ ሰው ብብቱ ሥር ይዞት የሚሄደው ሆነ። ቁልፎቹ 44 ሲሆኑ፣ በአንድ ጊዜ የሚያሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ሁለት ቁልፍ ቢነኩ አንደኛው ዝም ይላል። በስተግራው ድምፁን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያጣምም መንኮራኩር ተገጥሞለት ነበር፤ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚያንሸራትትበትም ስልት ነበረው። በአሜሪካ ዋጋው 1,500 ዶላር ያህል ነበር።

አንድ ድምፅ ብቻ ማሰማቱ በምዕራባውያን ዘንድ እንደ ጉድለት ተቆጥሯል፤ ኮርድ ለለመደ ጆሮ በእርግጥ ጉድለት ነው። መሰንቆ ለለመደ ሰው ግን ምን ይጎድለዋል? መሰንቆም አንድ አውታር ብቻ ነው ያለው። ዋሽንት በአንድ ትንፋሽ ሁለት ዜማ አያወጣም። ድምፁን የሚስብ፣ የሚያጣምም፣ ሲጀምር ቀስ ብሎ ሲያበቃ የሚረግብ መሣሪያ ለአንድ የቦረና አዝማሪ ከፒያኖ ይልቅ የቅርብ ዘመድ መሆኑን ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ሰው ሠራሹ መሣሪያ ከተፈጥሮው መሣሪያ ይልቅ ለሀገሩ ዜማ የቀረበበት ይህ አጋጣሚ እስከ ዛሬ የሚገባውን ያህል ትኩረት አላገኘም።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በአዲስ አበባ የሆነው ነገር ሲንተሳይዘሩን ከፍላጎት ወደ ግዴታ አሻገረው። የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ጊዜው ሲረዝምና ሲያጥር እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። የምሽት ክበብ ገበያ ቀዘቀዘ። የሸክላ ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1967 ዓ.ም. አገር ለቆ ሄደ፤ ሸክላውም ቀስ በቀስ ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። ካሴት ርካሽ ነው፤ ካሴት አሳታሚም አራት ትራምፔትና ሦስት ሳክስፎን ለሚነፉ ሰዎች የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም። እንደ ሮሃና እንደ ዳህላክ ያሉት ባንዶች በዚህ ዘመን የገነኑ ናቸው። በዳህላክ ባንድ ኪቦርድ ሲጫወትና ሲያቀናብር የነበረው ዳዊት ይፍሩ የብዙ ድምፃውያንን ሥራ እንዳቀናበረ የታወቀ ነው።

ትርፉና ኪሳራው እዚህ ላይ በግልጽ መነገር አለበት። የአንድ ሰው ሁለት እጆች የአንድ የትንፋሽ መሣሪያ ክፍልን ሥራ ሸፈኑ። በክብር ዘበኛና በፖሊስ ሠራዊት ሰልጥነው ያደጉ፣ ኖታ አንባቢ የሆኑ ነፊዎች እንጀራቸውን አጡ። ኪቦርዱ የትራምፔቱን ቦታ ወሰደ፤ የትራምፔቱን ድምፅ ግን አላመጣም፤ ያመጣው ትራምፔት ለመምሰል የሚሞክር ሌላ ድምፅ ነው። የዚያን ዘመን ካሴቶች የሚወዱ ሰዎች በዚህ አይስማሙ ይሆናል፤ ነገር ግን የኪቦርዱን ብራስ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ሸክላዎች ጋር አጠገብ ለአጠገብ ያዳመጠ ሰው የጠፋውን ነገር ለማወቅ አስተማሪ አያሻውም።

ዋልያስ ባንድ በ1973 ዓ.ም. ለዝግጅት ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ከአባላቱ አንዳንዶቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ኃይሉ በዚያው ቀረ፤ ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከሞገስ ሀብቴ ጋር ዙላ ባንድ በተባለ ቡድን መጫወቱንም ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1985 ግን ያለ ባንድ፣ ብቻውን፣ በዋሽንግተን በአንድ የሚያውቀው ሰው አነስተኛ ስቱዲዮ ገብቶ አንድ ካሴት ቀረጸ። ይዞ የገባው የልጅነት መሣሪያውን አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ የሙግ ሲንተሳይዘርና ምት የሚመታ ኤሌክትሮኒክ ከበሮ ነበር። «ሸሞንሟናዬ» በመባል የሚታወቀው ይህ ሥራ የቆዩ የሀገር ዜማዎችን በዚህ ስብስብ የሚያሰማ ነው።

የመሣሪያዎቹ ምርጫ ሲታይ ነገሩ በዘፈቀደ የሆነ አይመስልም። ሮድሱ በመዶሻ ተመትቶ የሚሞት ድምፅ አለው፤ የክራርን ቦታ ይይዛል። አኮርዲዮኑ ዜማውን እየሳበ ያዜማል። ሙጉ ደግሞ አንዴ እንደ ዋሽንት፣ አንዴ ስም እንደሌለው ነገር ከላይ ይንሳፈፋል። ከበሮው ብቻ ነው ባዕድ፤ እርሱም ባዕድነቱን አይደብቅም። ኃይሉ መርጊያ ሌላውን መሣሪያ ለመተካት ብሎ ሲንተሳይዘር አልተጠቀመም፤ የአኮርዲዮኑን ሥራ በሌላ በኩል አስቀጠለበት እንጂ። ብቻውን ሆኖም የባንድ ሥራ የሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ከእርሱ በፊት በዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ በዚያው በዋሽንግተን አድማስ የተባለው ቡድን «የኢትዮጵያ ልጆች» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ርእስ የሰጠውን አልበም አውጥቶ ነበር። ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዖታ፣ ሔኖክ ተመስገንና ዮሴፍ ተስፋዬ ያሉበት ይህ ቡድን ሲንተሳይዘሩን ከኢትዮጵያ ቅኝት ብቻ ሳይሆን ከካሪቢያንና ከብራዚል ምት ጋርም አገናኝቶታል። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2020 እንደገና ታትሟል። ኋላ አበጋዝና ሔኖክ ወደ አገር ቤት ተመልሰው በማቀናበርም በማስተማርም ሠርተዋል።

ሁለቱ ሥራዎች በተቀረጹበት ሰሞን የመሣሪያው ገበያ ተለውጦ ነበር። ያማሐ እ.ኤ.አ. በ1983 ዲኤክስ ሰባት የተባለውን ባለ 61 ቁልፍና 16 ድምፅ በአንድ ጊዜ የሚያሰማ ሲንተሳይዘር አወጣ፤ በዚያው ዓመት የተለያዩ ኩባንያዎች መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ሚዲ የተባለው ሥርዓት ሥራ ላይ ዋለ። ዲኤክስ ሰባት የአንድ ዘመን ድምፅ ሆነ፤ ነገር ግን ድምፁን ከውስጥ መለወጥ እጅግ አስቸጋሪ ስለነበር አብዛኛው ተጫዋች ፋብሪካው ባዘጋጀለት ድምፅ ረክቶ ተቀመጠ። የቁልፎቹን ርቀት አንድ በአንድ መለወጥም አይቻልም ነበር፤ ይህን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1987 የተከተለው ሁለተኛው ዲኤክስ ሰባት ነው። ከዚያ ወዲህ ክራር ቃኚው የሚሠራውን ሥራ በሲንተሳይዘርም መሥራት ይቻላል። ይህን ያወቀ ግን ጥቂት ነው።

ድሀው ጀማሪ የደረሰው ግን ዲኤክስ ሰባት ላይ ሳይሆን ካሲዮ ላይ ነው። ካሲዮ የመጀመሪያውን ኪቦርዱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እነዚህ አነስተኛ መሣሪያዎች በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠሩ መብራት ባልገባበት ወይም በሚቆራረጥበት ደጋ ላይ ይህ ከማናቸውም የድምፅ ጥራት ይበልጣል። ሆኖም ከነድምፁ ምትም ተጭኖባቸው ይመጣል፤ ዋልስ፣ ሩምባ፣ ቦሳኖቫ፣ ሮክ። ችክችካ የሚባል ቁልፍ የለም። ስድስት ስምንተኛ የሆነውን የሀገሩን ምት የሚፈልግ ጀማሪ አማራጩ ወይ ዋልሱን አፍጥኖ ማታለል፣ ወይ ምቱን አጥፍቶ ከበሮ መቺ ጓደኛ መፈለግ ነበር። ሁለተኛው ሳይሻል አይቀርም።

ተጭኖ የመጣ ምት ሁልጊዜ ባሪያ ያደርጋል ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ኤም ቲ 40 በተባለው ካሲዮ ውስጥ ኦኩዳ ሒሮኮ የተባለች ወጣት ጃፓናዊት ያዘጋጀችው አንድ የሮክ ምት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 በጃማይካ ዘፋኙ ዌይን ስሚዝና አሳታሚው ኪንግ ጃሚ ይህንኑ ምት ፍጥነቱን ቀንሰው ለአንድ ዘፈን መሠረት አደረጉት። ያ ዘፈን የሬጌን ሙዚቃ መንገድ ቀየረ፤ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ብቻ የሚሠራው ሬጌ ከዚያ ወዲህ ገነነ። የጃማይካ ልጆች በዚያ ርካሽ መሣሪያ ያሸነፉት ከፋብሪካው የተለየ ጆሮ ስለነበራቸው ነው። በሌላ በኩል ግን በጃማይካም ባስ ጊታርና ከበሮ ይዘው የሚኖሩ ሰዎች ያን ዓመት በደስታ አያስታውሱትም።

ሙላቱ አስታጥቄ ነገሩን ከተቃራኒው አቅጣጫ ያዘው። በጅማ ተወልዶ በብሪታንያና በአሜሪካ ሙዚቃ የተማረውና ኢትዮ ጃዝን የመሠረተው ይህ ባለሙያ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ባሉት ዓመታት በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በተመራማሪነት በቆየበት ጊዜ፣ ክራር ተጨማሪ ድምፆች እንዲያወጣና ዐሥራ ሁለቱንም ድምፅ ከሚጠቀም ሙዚቃ ጋር እንዲስማማ ለማሻሻል ሠርቷል። ሐሳቡ የሚያከራክር ነው። ክራሩን ወደ ኪቦርዱ ማስጠጋት ይሻላል፣ ወይስ ኪቦርዱን ወደ ክራሩ? ሙላቱ የመጀመሪያውን ሲሞክር፣ ኃይሉ በአኮርዲዮኑና በሙጉ ሁለተኛውን አድርጎታል። ለጀማሪ የሚቀናው ሁለተኛው ነው፤ ለዚህም ምንም ዓይነት የምርምር ክፍል አይፈልግም።

ኪቦርድ በወሎ ገጠር የተለመደው በሠርግ ድንኳን ነው። በደርግ ዘመን በየአውራጃውና በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ነበር፤ ከወሎ የተነሣው ላሊበላ የኪነት ቡድንም የክፍለ ሀገሩን ዘፈን በመላ አገሪቱ አሰምቷል፤ በአምባሰል ዜማዋ የታወቀችው ማሪቱ ለገሠ ከዚሁ ቡድን ጋር ስሟ ይነሣል። ያ የኪነት ዘመን ካለፈ በኋላ የመጣው «ዋን ማን ባንድ» የተባለው ነው፤ አንድ ድምፃዊ፣ አንድ ኪቦርድ፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ። ከነመሰንቆው ከነከበሮው አራት አምስት ሰው ይጠራበት የነበረ ሠርግ አሁን በአንድ ወይም በሁለት ሰው ያልፋል። ደጋሹ የሚቆጥበው ገንዘብ ቀላል አይደለም። አዝማሪው የሚያጣው ገንዘብም እንዲሁ።

የመካነ ሰላም ወይም የአጅባር ወጣት ገንዘብ አጠራቅሞ ደሴ ሲወርድ የሚገጥመው መደርደሪያ እንግዲህ ይህን ሁሉ ታሪክ ተሸክሟል። ሻጩ የሚያወራለት ስለ ድምፆቹ ብዛት ነው፤ ሦስት መቶ፣ አምስት መቶ፣ ከዚያም በላይ። ይህ ቁጥር ለጀማሪ ከሁሉ ያነሰ ጥቅም ያለው ነገር ነው። ከአምስት መቶው ድምፅ ሠርግ ላይ የሚያስፈልገው ከዐሥር አይበልጥም፤ ለመማር ደግሞ ሁለት ይበቃል፤ አንድ ተመትቶ የሚሞት፣ አንድ እየተሳበ የሚቆይ።

ከዚህ ይልቅ የሚፈተሹ ነገሮች አሉ። ድምፁን የሚያጣምም መንኮራኩር በስተግራ አለው ወይ? ርካሾቹ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ይህን ይተዉታል፤ ያለ እርሱ ግን የመሰንቆን መሳብ መሞከር አይቻልም። ቁልፎቹ እንደ ጣት አነካክ ለስለስና ጠንከር ማለትን ይለያሉ ወይ? በአኮርዲዮን ወናፉ የሚሠራውን ሥራ በኪቦርድ የሚሠራው ይህና የእግር መርገጫው ስለሆነ፣ ሁለቱም የሌሉበት መሣሪያ እስትንፋስ የለውም። የቁልፎቹ ብዛት 61 ከሆነ ለሁለት እጅ ይበቃል፤ ከዚያ ያነሰ ቁልፍ ያለው ለልጅ መጫወቻ እንጂ ለሥራ አይሆንም። በባትሪ ድንጋይ ይሠራል ወይ የሚለው ጥያቄም በአዲስ አበባ ላለ ሰው ቀልድ ቢመስልም በቦረና ቀልድ አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በሱቁ ውስጥ ማንም የማያነሣው ነው። የመሣሪያው ቁልፎች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ዝቅና ከፍ ይላሉ ወይ? መካከለኛ ዋጋ ካላቸው ኪቦርዶች ብዙዎቹ ይህን ችሎታ ይዘዋል። ያገኙትም ለኢትዮጵያ ተብሎ አይደለም፤ የዐረብ ሙዚቃ ከግማሽ ድምፅ ያነሰ ርቀት ስለሚጠቀም ነው፤ በዐረብ አገሮች ያለውን ሰፊ ገበያ ፈልገው ኩባንያዎቹ ያስገቡት ነው። የዐረቡ ጥያቄ ለወሎው ደረሰለት። ዐረቦች ለኩባንያዎቹ ጥያቄያቸውን በገበያቸው ማቅረብ ችለዋል፤ የኢትዮጵያ ሙዚቀኞች በማኅበራቸው በኩል ይህን ያህል ለምን እንዳልጠየቁ መነጋገሪያ ሊሆን ይገባል።

ኃይሉ መርጊያ ከባንድ ሥራ ከራቀ በኋላ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ ለብዙ ዓመታት ኖሯል። በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ እያወጣ መቀመጫው ላይ ሆኖ ይለማመድ ነበር። የ1985ቱን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ በባሕር ዳር አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ካሳተመው በኋላ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2010 ዓ.ም. «ላላ በሉ»፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ «የኔ ምርጫ» የተባሉትን አልበሞች አወጣ። የሙግ ሲንተሳይዘርን ታላቅ ያደረገ ሰው በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ጆሮውን የጠበቀበት መሣሪያ ማንኛውም ጀማሪ ሊገዛው የሚችል ዓይነት ነበር።

ኪቦርዱን ገዝቶ ወደ ደጋው የተመለሰው ጀማሪ ቁልፎቹን ለየብቻ መለወጥ የሚያስችለውን ገጽ በመመሪያው ውስጥ ፈልጎ ማግኘቱ አይቀርም። ከዚያ በአንቺ ሆዬ ውስጥ ያለችውን ያቺን አንድ ጥቁር ቁልፍ ስንት ሴንት ዝቅ ወይም ከፍ ያድርጋት? መመሪያው ይህን አይናገርም። መሰንቆ የሚመታ ጎረቤት ካለው እርሱ ዜማውን ደጋግሞ ይጫወትለታል፤ ልጁም ቁጥሩን አንድ አንድ እያለ ይለውጣል፤ ድምፁ ከጭራው ድምፅ ጋር ሲገጥም ያቆማል፤ ያገኘውን ቁጥርም በወረቀት ይጽፈዋል።